ወፎቹ የሚመጡት በበጋ ነው

ፈረንጆች «የክረምት ወፎች» ሲሉ መጀመሪያ ግራ ይገባኝ ነበር። ለእኛ ክረምት ማለት ሐምሌና ነሐሴ ነው። ዝናብ፣ ጭቃ፣ ጉም። እነሱ የሚሉት ግን የራሳቸውን ክረምት ነው፤ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለውን፣ አውሮፓና ሰሜን እስያ በረዶ የሚለብሱበትን ጊዜ። ያኔ እኛ ጋ በጋ ነው። ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ጠዋት ይበርዳል፣ ቀን ፀሐይ ነው። ያንን በረዶ የሸሹት ወፎች ታዲያ የሚያርፉት እዚሁ ነው፤ ቢሾፍቱ፣ ዝዋይ፣ ገፈርሳ ግድብ፣ ሱሉልታ ሜዳ ላይ።

አምስት በጋ ወፍ ሳይ ከርሜያለሁ። ባለሙያ አይደለሁም። ግን ስጀምር የሚነግረኝ ሰው ስላልነበረ ብዙ ጊዜና ብዙ ገንዘብ አባክኛለሁ። አዲስ የምትጀምሩ ያንን እንዳትደግሙት ነው ይህን የምጽፈው።

ትልቁ ስህተቴ መሮጥ ነበር። ከጓደኞቼ ጋር መኪና ተከራየንና በሁለት ቀን አምስት ሐይቅ አየን፤ ቢሾፍቱ፣ ዝዋይ፣ አብጃታ፣ ላንጋኖ፣ ሐዋሳ። በየደረስንበት አሥር ደቂቃ እንቆማለን፣ ፎቶ እናነሳለን፣ እንሄዳለን። ማስታወሻዬ ላይ ከሰባ በላይ የወፍ ስም ሰፍሯል፤ አስጎብኚው እየጠራ እኔ እየጻፍኩ። አዲስ አበባ ስመለስ ግን ከሰባው ውስጥ ብቻዬን ባየው የምለየው አሥር አይሞላም ነበር። በጣም አዘንኩ። ያን ሁሉ መንገድ ሄጄ ምንም እንዳላየሁ ነው የተሰማኝ።

ነገሩን የቀየሩልኝ በሚቀጥለው ወር ዝዋይ ላይ ያገኘኋቸው አንድ አዛውንት ዓሣ አጥማጅ ናቸው። ከተማው አሁን ባቱ ነው የሚባለው፤ ከአዲስ አበባ ወደ 160 ኪሎ ሜትር ይርቃል። እሳቸው ዳር ላይ ተቀምጠው መረባቸውን ይጠግናሉ። እኔ በሐይቁ ጠርዝ ወዲያ ወዲህ እላለሁ፤ በተጠጋሁ ቁጥር ወፎቹ ብድግ እያሉ ራቅ ብለው ያርፋሉ። «ልጄ» አሉኝ፣ «አንቺ ስትሄጂ እነሱም ይሄዳሉ። እስቲ እዚህ ቁጭ በይ።» «እሺ አባባ» አልኩና ከጎናቸው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

ሩብ ሰዓት ያህል ምንም የለም። ከዚያ ከደንገሉ ውስጥ አንዲት ወፍ ወጣች። ሰውነቷ የበሰለ ቡና ዓይነት ቀለም ነው፣ የአንገቷ ፊት ነጭ፣ ግንባሯ ላይ ደግሞ ጥፍር የተለጠፈበት የሚመስል ሰማያዊ ነገር አለ። ከእኔ አራት እርምጃ አትርቅም። እግሯን ሳይ ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ጣቶቿ ከሰውነቷ ጋር የማይመጣጠኑ፣ እንደ ሰንደዶ የቀጠኑና የረዘሙ ናቸው። ውሃው ላይ በተዘረጋው ቅጠል ላይ ስትቆም ቅጠሉ ትንሽ ጎበጥ ይልና መልሶ ይይዛታል። ክብደቷን በእነዚያ ጣቶች ስለምታከፋፍለው አትሰምጥም። አንድ እርምጃ ትሄዳለች፣ የቅጠሉን ጠርዝ በምንቃሯ ገልበጥ ታደርጋለች፣ ከሥሩ የተደበቀውን ነፍሳት ለቀም፣ ከዚያ ቀጣዩ ቅጠል። ስሟ ጃካና እንደሆነ፣ ከወንዱና ከሴቷ እንቁላል ታቅፎ ጫጩት የሚያሳድገው ወንዱ እንደሆነና አደጋ ሲመጣ ጫጩቶቹን በክንፉ ሥር ሸጉጦ እንደሚሸሽ ያወቅኩት በኋላ አንብቤ ነው። ምናልባት እኔ «እሷ» ያልኳት እሱ ይሆናል። እነዚያን ጣቶች ግን አንድም መጽሐፍ እንደዚያ አላሳየኝም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የምሠራው በአንድ መንገድ ነው። አንድ ቦታ እመርጣለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ ደግሜ ደጋግሜ እሄዳለሁ። የእኔ ቦታ ቢሾፍቱ ያለው ጨለለቃ ነው። እንደ ሆራ ወይም ባቦጋያ ጥልቅ የእሳተ ገሞራ ሐይቅ አይደለም። ዝናብ ሲያልቅ የሚሞላ፣ በጋው ሲገፋ ደግሞ እየሳሳ የሚሄድ ጥልቀት የሌለው ውሃ ነው። ለወፍ የሚመቸውም ለዚህ ነው። ውሃው በሸሸ ቁጥር አዲስ ጭቃ ይገለጣል፤ ጭቃው ውስጥ ትል አለ፤ ትሉን ፍለጋ ረጃጅም ምንቃር ያላቸው ይመጣሉ። ጥልቅ ሐይቅ ለዓይን ያምራል እንጂ ለጀማሪ ብዙ አያሳይም። እናንተም ቅርባችሁ ያለ ኩሬ፣ ግድብ፣ ረግረግ ፈልጉ። ሁለት ሰዓት መንገድ ከሆነ ደጋግማችሁ አትሄዱም፤ አውቀዋለሁ።

ወቅቱን በተመለከተ፣ እኔ የምጀምረው ከመስቀልና ከኢሬቻ በኋላ ሰዉ ረገብ ሲል ነው። ጥቅምትና ኅዳር ላይ እንግዶቹ ገብተው ያልቃሉ፣ እስከ መጋቢት ይቆያሉ። በታኅሣሥና በጥር መካከል ግን የገናና የጥምቀት ሰሞን ቢሾፍቱ በሰው ትሞላለች፤ ያኔ ገፈርሳን ወይም ሱሉልታን እመርጣለሁ። ገፈርሳ ስትሄዱ መጀመሪያ ጥበቃውን አነጋግሩ፣ ለምን እንደመጣችሁ ንገሩ። እዚያ ውርጩ ጨዋታ አይደለም። በ12 ሰዓት ተኩል ሣሩ ላይ ነጭ ነገር ተነስንሶ ታዩታላችሁ፣ ጣት ባይኖኩላሩን፣ ማለትም ሩቁን የሚያቀርበውን መነጽር፣ ማዞር ያቅተዋል። ጓንት ያዙ። ጋቢ ለብርዱ የሚያህለው የለም፣ ግን ነጭ ስለሆነ ወፎቹ ከሩቅ ያዩታል። ጥቁር ወይም ቡናማ ጃኬት ልበሱና ጋቢውን አጥፋችሁ ተቀመጡበት።

ሰዓቱ ከፀሐይ መውጫ እስከ ጠዋቱ 4 ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ መሬቱ ሲሞቅ አየሩ መንቀጥቀጥ ይጀምርና በባይኖኩላር ስታዩ ሁሉም ነገር በውሃ ውስጥ ያለ ይመስላል። ከ10 ሰዓት በኋላ ደግሞ እንደገና ጥሩ ይሆናል። ፀሐይ ሁልጊዜ ከጀርባችሁ ትሁን። ይህን የማያውቅ ሰው ጠዋት በምዕራቡ ዳርቻ ቆሞ ፀሐይ ፊቱ ላይ እያበራች ሁሉንም ወፍ ጥቁር አድርጎ ያያል፣ ከዚያ «ወፍ መለየት ከባድ ነው» ይላል።

ስለ ባይኖኩላር ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። 8 በ42 የሚለውን ፈልጉ። 8 የሚያቀርብበት መጠን ነው፤ 42 ደግሞ የፊት መስታወቱ ስፋት በሚሊሜትር፣ ብርሃን የሚያስገባው እሱ ነው። ትልቅ ቁጥር የተጻፈባቸው፣ «እስከ ጨረቃ ያሳያል» ተብለው የሚሸጡ አሉ፤ አትግዙ። ባቀረበ ቁጥር የእጅ መንቀጥቀጥም አብሮ ይጎላል፣ የሚታየው ቦታም ይጠባል፣ ወፏን ፈልጎ ማግኘት ራሱ ፈተና ይሆናል። ስትገዙ በር ላይ ወጥታችሁ ሩቅ ያለ ጽሑፍ አንብቡበት። ከዚያ ለዓይናችሁ አስተካክሉት። ቀኝ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በመሐሉ ተሽከርካሪ የግራውን አጥሩ፤ ቀጥሎ ግራውን ጨፍናችሁ በቀኙ ላይ ያለውን ቀለበት አዙሩ። እኔ ይህን ሳላውቅ አንድ ዓመት ሙሉ ራሴን እያመመኝ አይቻለሁ። ሌላው ዋና ነገር፣ ወፏን በዓይናችሁ ከያዛችሁ በኋላ ዓይናችሁን ሳትነቅሉ ባይኖኩላሩን ወደ ዓይናችሁ አምጡት። ወደ ታች ካያችሁ ጠፋች ማለት ነው።

መለየቱ ላይ፣ ከቀለም አትጀምሩ። ቀለም በብርሃን ይቀየራል። ምንቃሩንና የሚሠራውን እዩ። ዳክዬዎቹን ውሰዱ። ከሰሜን የሚመጣ ሾቨለር የሚባል አለ፣ ምንቃሩ ጫፉ ላይ እንደ ማንኪያ የሰፋ፤ ውሃውን እያጣራ ሲሄድ ጭንቅላቱን አያነሳም። ፒንቴል የሚባለው ደግሞ ወንዱ ጅራቱ እንደ መርፌ ሹል ነው። እነዚህን ሁለቱን ቀለማቸውን ሳታዩ በጥላቸው ብቻ ትለያላችሁ። ሁሉም ሰው በአንድ ስም የሚጠራቸው ነጫጭ ወፎችም እንደዚያው ናቸው። ከከብት ጋር የሚሄደው ምንቃሩ አጭርና ቢጫ ነው። ብቻውን ውሃ ውስጥ የሚያድነው ትንሹ ምንቃሩ ጥቁር ሆኖ እግሩን ሲያነሳ ጣቶቹ ቢጫ ናቸው፣ ካልሲ ያጠለቀ ይመስላል። አንዴ ካያችሁት አትረሱትም።

ስሞቹን በእንግሊዝኛ መልመድ ግድ ይሆናል፣ መለያ መጽሐፎቹ በብዛት በእሱ ስለተጻፉ። ግን የአካባቢው ሰው የሚጠራበትን ስም ጠይቃችሁ ጻፉ። ዝዋይና ሐዋሳ ላይ ያ ራሰ በራ፣ ከአንገቱ ከረጢት የሚንጠለጠልበት ግዙፍ ወፍ አባ ኮዳ ነው የሚባለው። ማራቡ ከሚለው ስም ይህ ምን ያህል እንደሚበልጥ እዩት።

እረኞችና ልጆች መምህሮቼ ናቸው። ጨለለቃ ላይ አንድ እረኛ ልጅ ነበር፣ ወንጭፍ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ የሚመጣ። ወፎቹን ሲወረውርባቸው አየሁና ልቆጣ አልኩ። ተውኩት። ጠራሁትና ባይኖኩላሩን ሰጠሁት። ከከብቶቹ እግር ሥር የምትሮጥ አንዲት ቢጫ ወፍ ነበረች፣ የሎው ዋግቴይል የምትባለው። ልጁ አነጣጥሮ አያት፣ ከዚያ መሣሪያውን አውርዶ በባዶ ዓይኑ አያት፣ እንደገና አነሳው። «ዓይኗ አየኝ!» አለኝ። ከዚያ በኋላ ወንጭፉን ይዞት ቢመጣም እኔ ባለሁበት ሲወረውር አላየሁም። ይልቅ ያላየሁትን ያሳየኛል። «እቴቴ፣ እነዚህ እኮ ዝናብ ሲያልቅ ነው የሚመጡት፣ ከብቱ ዝንብ ሲያስነሳ ይበላሉ» ያለኝ እሱ ነው። ልክ ነበር።

አንድ ጥንቃቄ። ቢሾፍቱ የአየር ኃይል ከተማ ነች። ባይኖኩላርም ሆነ ካሜራ ወደ ካምፕ አቅጣጫ እንዳታዞሩ። ግድቦች አካባቢም እንደዚያው። የሚጠይቃችሁ ሰው ካለ ደግሞ አትበሳጩ፣ መጽሐፉን ከፍታችሁ ወፏን አሳዩት። ወደ ራቅ ያለ ቦታ ከመሄዳችሁ በፊት የአካባቢውን ፀጥታ ደውላችሁ አጣሩ፣ ብቻችሁንም አትሂዱ። ዝዋይ ላይ በጀልባ ከወጣችሁ ዋጋውን ሳትሳፈሩ ጨርሱ፤ ጉማሬ ስላለ ባለ ጀልባው «አንጠጋም» ካለ አትከራከሩት። በባዶ እግር ውሃው ውስጥ አትግቡ፣ ቢልሃርዚያ አለ።

አብጃታን በተመለከተ የምጽፈው እያዘንኩ ነው። ፍላሚንጎዎቹ አሁንም ይመጣሉ፤ ጭንቅላታቸውን ገልብጠው በምንቃራቸው ውሃውን እያጣሩ ሲበሉ ማየት የትም የማይገኝ ነገር ነው። ትንሾቹ ምንቃራቸው የጠቆረ ሆኖ ዋና ምግባቸው በዓይን የማይታይ አልጌ ነው፤ ትልልቆቹ ምንቃራቸው ሮዝ ሆኖ ጫፉ ብቻ ጥቁር ነው፣ እነሱ ትንንሽ የውሃ ነፍሳትም ይበላሉ። ግን ሐይቁ በጣም ሸሽቷል። ከዝዋይ በቡልቡላ ወንዝ የሚመጣለት ውሃ ለመስኖ ተወሰደ፣ ከራሱም ሶዳ አሽ ለሚባለው የፋብሪካ ጨው ማምረቻ ተሳበ። ውሃው ሲጨው ዓሣው አለቀ። ጎረቤቱ ሻላ ዓሣ እምብዛም የሌለው ጥልቅ ሐይቅ ነው፤ ፔሊካኖች ሻላ ደሴት ላይ ይፈለፍሉና ለምግብ አብጃታ ይመላለሱ ነበር። ዓሣው ሲያልቅ ያ ምልልስም ቀረ። መኪናችሁን ደግሞ ወደ ዳርቻው አትንዱ። ላዩ ደረቅ ይመስላል፣ ሥሩ ጭቃ ነው። እኛን ለማውጣት የመንደሩ ሰው ሁለት ሰዓት ለፍቷል።

ጫካ ሌላ ትምህርት ነው። ሐይቅ ላይ የለመደ ዓይን ጫካ ውስጥ ምንም አያይም። እኔ የምሄደው መናገሻ ሱባ ነው፣ ወጨጫ ተራራ ላይ። በ15ኛው ክፍለ ዘመን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ አስተከሉት የሚባልለት ጫካ ነው፣ ዘሩም ከሸዋው የወፍ ዋሻ ጫካ መጣ ይባላል። የጥዱን ግንድ አንገት አቅንታችሁ ስታዩ ዕድሜው ይሰማችኋል። እዚያ መጀመሪያ የሚሠራው ጆሮ ነው። መንገዱ ጫፍ ላይ ግማሽ ሰዓት ቆሜ ድምፅ ብቻ እሰማለሁ። ግንደ ቆርቁር ሲቆረቁር ይሰማል፣ አቅጣጫውን ትይዛላችሁ። ትንንሾቹ ወፎች ተሰባስበው ነው የሚዞሩት፤ ሃያ ደቂቃ ዝም ካለ በኋላ ድንገት አንድ ዛፍ ላይ አምስት ዓይነት ወፍ ይመጣና በሦስት ደቂቃ ውስጥ ያልፋል። ያኔ ካልተዘጋጃችሁ አለቀ። ስለዚህ ዝምታው ሲረዝም ተስፋ አትቁረጡ፣ ባይኖኩላሩን ደረታችሁ ላይ ያዙ።

አንድ ጥር ላይ እዚያ ፍሬ የያዘ ዛፍ ሥር ቁጭ ብዬ ከላይ ቅርንጫፍ ሲንቀሳቀስ አየሁ። አረንጓዴ ወፍ፣ ጉንጩ ላይ ነጭ ምልክት ያለው፣ ረጅም ጅራት። ቱራኮ ነው። እንደ ሽኮኮ ቅርንጫፍ ለቅርንጫፍ ይሮጣል፣ ቅጠሉ ውስጥ ሲቆም ይጠፋል። ከዚያ ክንፉን ከፍቶ ወደ ማዶ ተንሸራተተ፤ ክንፉ ውስጡ ደም የመሰለ ቀይ ነው። የብዙ ወፍ ቀይ ቀለም ከሚበላው ምግብ የሚመጣ ነው፤ የቱራኮ ቀይ ግን መዳብ ያለበት፣ ሰውነቱ ራሱ የሚሠራው ቀለም ነው። ሲቀመጥ አረንጓዴ፣ ሲበር ቀይ። እንባዬ መጣ፣ አላፍርም።

የወፍ ድምፅ በስልክ እያጫወቱ የሚጠሩ ሰዎች አይቻለሁ። እባካችሁ ተዉት። ወፏ ሌላ ወፍ ቦታዋን ሊወስድባት የመጣ መስሏት መብላቷን ትታ ትጨነቃለች። ጎጆ ካገኛችሁ ፎቶ አንስታችሁ ቦታውን አትለጥፉ። እግሩ ላይ ቀለበት ያለው ወፍ ካያችሁ ደግሞ ቁጥሩን በፎቶ ያዙ፤ ሽመላዎችና ክሬኖች ላይ ያጋጥማል፣ ከየት እንደመጣ ይታወቅበታል።

ያያችሁትን ጻፉ። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ስንት። ኢበርድ የሚባለው ነፃ መተግበሪያ ያለ ኢንተርኔትም ይመዘግባል፣ ኔትወርክ ስታገኙ ይልከዋል። በየዓመቱ ጥር አካባቢ በዓለም ዙሪያ የውሃ ወፎች ይቆጠራሉ፤ መሳተፍ ከፈለጋችሁ እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተውን የኢትዮጵያ የዱር ሕይወትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበርን ጠይቁ። እኔ ግን ከስልኩ ይልቅ ደብተሬን እወዳለሁ፣ ምክንያቱም ደብተሩ ውስጥ ያቺ ቢጫ ወፍ አለች።

ጥቅምት ላይ «ደብዛዛ፣ ሆዷ ቢጫ፣ ጀርባዋ አመድ» ብዬ ጽፌያለሁ። ኅዳር፣ ታኅሣሥ፣ ጥር፣ ተመሳሳይ ነው፤ እንዲያውም መጻፉ ሰልችቶኝ ነበር። የካቲት መጨረሻ ላይ ከመንጋው አንዳንዶቹ መቀየር ጀመሩ። ላባቸውን እየቀየሩ ነው፣ ለመመለስ ሲዘጋጁ የሠርግ ልብሳቸውን እዚሁ ነው የሚለብሱት። መጋቢት መጀመሪያ ላይ ከላሟ ፊት የቆመው ወንድ ደረቱ እንደ አደይ አበባ ቢጫ ነበር፣ ራሱ ጠቁሯል። ከጎኑ ያለው ሌላው ራሱ ሰማያዊ አመድ ነው። የሚመጡበት አገር ስለሚለያይ የራሳቸው ቀለምም ይለያያል፤ ክረምታቸውን አንድ ሜዳ ላይ አብረው ሲበሉ ቆይተው አሁን ነው ማን ከየት እንደሆነ የታወቀው። እንደ በፊቱ በሁለት ቀን አምስት ሐይቅ ብሮጥ ኖሮ ይህን በምንም መንገድ አላየውም ነበር።

ሚያዝያ ላይ ስሄድ ሜዳው ላይ ከብቶቹ ብቻ ነበሩ። ልጁ ከሩቅ አይቶኝ እጁን አወዛወዘ። «ሄዱ» አለኝ ስደርስ። «ትናንትና ወዲያ ነበሩ።» ደብተሬ ላይ እሱ ያለኝን ቀን ጻፍኩ።